«ተጠባባቂ»፦ የሥራ ውሳኔንና የሥራ ሐዘንን ለእግዚአብሔር አደራ ስለ መስጠት

ከብዙ ዓመት በፊት በጎንደር ከተማ፣ በአንድ መሥሪያ ቤት ግድግዳ ላይ በተለጠፈ የፈተና ውጤት ስሜን በሁለተኛው ተራ ቊጥር አገኘሁት፤ «ምርመራ» በሚለው ዓምድ ውስጥ ከስሜ ትይዩ «ተጠባባቂ» የሚል ቃል በእስክሪብቶ ተጽፎ ነበር። መደቡ አንድ ብቻ ስለ ነበረ ቃሉ በተግባር «አልተቀጠርህም» ማለት ነው። እናቴ ወሬውን ስትሰማ «ለበጎ ነው ልጄ» አለችኝ፤ ጎረቤቶችም «እግዚአብሔር የተሻለ አዘጋጅቶልህ ነው» አሉኝ፤ እኔ ግን አንደኛ የወጣው ሰው ቀርቶ እንደ ሆነ ለማየት ለሦስት ወር ያህል ጠዋት ጠዋት ወደዚያ ግድግዳ እመላለስ ነበር። ለሚጠይቀኝ ሁሉ «ለእግዚአብሔር ሰጥቼዋለሁ» እያልሁ እመልስ ነበር፤ በእውነቱ ግን የሰጠሁት አንዳች ነገር አልነበረም።

ስሕተቴ የት ላይ እንደ ነበረ የገባኝ አደራ የሚለውን ቃል ካሰብሁበት በኋላ ነው። ሰው ከብቱን ለጎረቤቱ አደራ ሲሰጥ ስንት እንደ ሆኑ ቈጥሮ፣ የምትታለበውን ላምና የሚዋጋውን ወይፈን ለይቶ ነግሮ ነው የሚሰጠው፤ ሳይቈጥር «ጠብቅልኝ» ብሎ የሄደ ሰው ከብቱን በትኖ ሄደ እንጂ አደራ ሰጠ አይባልም። በሥራ ጉዳይ ብዙዎቻችን የምንሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ለእግዚአብሔር የምናስረክበው ራሳችን ልንሠራው የሚገባንን፣ ማለትም ማጣራትን፣ መመዘንን፣ ማመልከትንና መወሰንን ሲሆን፣ ለራሳችን የምናስቀረው ደግሞ የእርሱ የሆነውን፣ ማለትም ውጤቱን፣ ጊዜውንና የሌላውን ሰው ልብ ነው። ቀጥሎ ያለው ምክር ይህን የተገለበጠ አከፋፈል ለማቃናት የጠቀመኝ ነው፤ የተጻፈው በተለይ በኦርቶዶክሳዊት ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ልማድ ላደገ አንባቢ ቢሆንም፣ ሌላውም አማኝ የሚወስደው አያጣም።

ከመወሰን በፊት

አንድ ተራ ደብተር ይግዙና የተቸገሩበትን ጉዳይ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉት። «ሕይወቴን ምን ላድርገው?» የሚለው ጥያቄ ለጸሎትም ለምክርም አይመችም፤ «ደባርቅ ያለኝን የመምህርነት መደብ ለቅቄ ጎንደር ከተማ በግል ትምህርት ቤት ልቀጠር ወይስ ዝውውር እስኪመጣ ልታገሥ?» የሚለው ግን ይመቻል። ከዚያም ደብተሩን ገልጠው በግራው ገጽ በእጅዎ ያለውን፣ በቀኙ ገጽ በእጅዎ የሌለውን ይዘርዝሩ። ለዚህ መምህር በግራው ገጽ የሚሰፍሩት የሁለቱ ቦታዎች የደመወዝ ልዩነት፣ የጎንደር የቤት ኪራይ፣ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ለሚሆነው መንገድ የሚያወጣው የትራንስፖርት ገንዘብ፣ የአገልግሎት ዘመኑ ከጡረታው ጋር ያለው ግንኙነት፣ እንዲሁም የታመመች እናቱን የሚያስታምም ሌላ ሰው መኖር አለመኖሩ ናቸው። በቀኙ ገጽ ደግሞ የዝውውሩ ደብዳቤ የሚመጣበት ጊዜ፣ የግል ትምህርት ቤቱ ወደ ፊት መቆየት አለመቆየቱ፣ የመንገዱ ሰላምና የአዲሱ አለቃ ጠባይ ይሰፍራሉ። ይህን ያደረገ ሰው ብዙ ጊዜ የሚገርመው የግራው ገጽ ርዝመት ነው፤ «እግዚአብሔር ያውቃል» ብሎ ካለፈው ነገር ግማሹ አንድ ስልክ በመደወል የሚታወቅ ሆኖ ያገኘዋል።

በዚህ ረገድ እንደ ነህምያ ያለ አስተማሪ አላገኘሁም። ነህምያ በፋርስ ንጉሥ በአርጤክስስ ቤት ጠጅ አሳላፊ ነበር፤ የኢየሩሳሌም ቅጥር መፍረሱን በካሴሉ ወር ሰምቶ አለቀሰ፣ ጾመ፣ ጸለየ፤ ለንጉሡ ግን የተናገረው በኒሳን ወር ነው፤ በመካከሉ አራት ወር ያህል አለ። ስብከት ላይ ብዙ ጊዜ የምንሰማው ስለ ጾሙና ስለ ልቅሶው ነው፤ እኔን የሚደንቀኝ ግን ሁለተኛው ምዕራፍ ነው። ንጉሡ ምን እንደሚፈልግ ሲጠይቀው ነህምያ እዚያው ቆሞ በልቡ ወደ ሰማይ አምላክ ጸለየና ወዲያው የሚፈልገውን ዘረዘረ፦ የሚመለስበትን ጊዜ ቈርጦ ተናገረ፣ በወንዝ ማዶ ላሉት ገዦች ደብዳቤ ለመነ፣ የንጉሡን ደን ጠባቂ አሳፍን በስሙ ጠርቶ ለበሮቹና ለቅጥሩ የሚሆን እንጨት እንዲሰጠው ማዘዣ ጠየቀ። የደን ጠባቂውን ስም ከየት አገኘው? በእነዚያ አራት ወራት እየጸለየ ያጣራ እንደ ነበረ እገምታለሁ፤ የግራ ገጹ ተሞልቶ ባይጠብቀው ኖሮ ንጉሡ በጠየቀው ሰዓት የሚመልሰው ባጣ ነበር።

ስለዚህ ለጸሎትዎ መጀመሪያ ብቻ ሳይሆን መጨረሻም ይስጡት። መጨረሻ የሌለው «እየጸለይሁበት ነው» የሚል መልስ፣ በራሴም በሌላውም እንዳየሁት፣ አብዛኛውን ጊዜ ፍርሃትን መሸፈኛ ነው። ለዚህ የሚስማማ ጊዜ በቤተ ክርስቲያናችን አይጠፋም፤ ወርኃ ጽጌ ለምሳሌ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ድረስ ልክ 40 ቀን ነው፣ በማግሥቱም ኅዳር 6 እቴጌ ምንትዋብ ባሠሩት በጎንደር ደብረ ፀሐይ ቁስቋም በዓሉ በድምቀት ይከበራል። የወቅቱም መታሰቢያ ከእንጀራ ጉዳይ የራቀ አይደለም፤ የሚታሰበው የእመቤታችንና የልጇ ስደት ነውና፣ ጠራቢው ዮሴፍ ለነገ የሚሆን ሥራ ይኑረው አይኑረው ሳያውቅ በሌሊት ተነሥቶ ወደ ግብፅ የወጣበት ታሪክ ነው። በወርኃ ጽጌ የጀመሩትን ኅዳር 6 ፈጽመው፣ ውሳኔዎን በማግሥቱ በሥላሴ ዕለት እዚያው ጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴን ተሳልመው ሲመለሱ ሊጽፉት ይችላሉ። ጊዜው ካልገጠመ የ7 ቀን ሱባኤ፣ እርሱም ካልተቻለ ከሥራ በፊት ጥቂት ጠዋት ኪዳን ማስደረስ ይበቃል። የሥራ ማስታወቂያው ግን ለ10 ቀን ብቻ ወጥቶ ከሆነ ማመልከቻዎን አስገብተው ይጸልዩ፤ ማመልከት መወሰን አይደለም፤ በጸሎት ላይ ነኝ ብሎ የማመልከቻ ቀን ያሳለፈ ሰው አውቃለሁ፣ ኋላም ያማረረው እግዚአብሔርን ነበር።

በጸሎቱ ምን እንደሚለምኑ አስቀድመው ያስቡበት። አዲስ ዓለም ሰፈር የሚኖር አንድ ሙስሊም ወዳጄ ከባድ ውሳኔ ሲገጥመው ኢስቲኻራ የሚባለውን ሁለት ረከዓ ሰግዶ የሚያደርሰውን ልመና ሲያስረዳኝ፣ ነገሩ ለእምነቱና ለኑሮው መልካም ከሆነ እንዲያገራለት፣ ክፉ ከሆነ ግን ነገሩን ከእርሱ፣ እርሱንም ከነገሩ እንዲያርቀው እንደሚጠይቅ ነገረኝ። ሁለተኛው ክፍል ልቤን ነካው። እኛ በሩ እንዲዘጋ እንለምን ይሆናል፤ ልባችን ከተዘጋው በር ደጃፍ እንዲነሣ ግን አንለምንም፤ እኔን ለሦስት ወር ወደዚያ ግድግዳ ያመላለሰኝ ይኸው ነበር። ስለዚህ «ካልሆነ ልቤንም መልስልኝ» የሚል ቃል በልመናዎ ውስጥ ያስገቡ፤ ውጤቱ ከመምጣቱ በፊት መሆን አለበት፣ ከመጣ በኋላ ለማለት እጅግ ይከብዳልና።

ምክርን በተመለከተ ሦስት ሰው ይበቃዎታል፦ የንስሐ አባትዎ፣ ሙያውን ውስጡ ገብቶ የሚያውቅ ሰውና የውሳኔዎን ዋጋ አብሮዎት የሚከፍል የቤተ ሰብ አባል። ለእያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ጥያቄ ያቅርቡ። የንስሐ አባትዎ፣ እርስዎ ከአለቃዎ ጋር ተቀያይመው ይሁን ከልብዎ አስበውበት ሥራ ሊለቁ እንደ ሆነ ጠይቀው ሊያወጡት ይችላሉ፤ የደመወዝ እርከንና የሥራ ገበያ ግን የእርሳቸው ጉዳይ አይደለም። ባለሙያው ደግሞ ገበያውን ይነግርዎታል እንጂ ቂምዎን አያይልዎትም። ከሦስት በላይ የሚጠይቅ ሰው የልቡን የሚነግረው እስኪያገኝ ድረስ እየዞረ እንደ ሆነ ራሱን ይመርምር።

ምልክት ፍለጋን ግን ከልቤ እቃወማለሁ። ጌዴዎን ባዘቶውን በአውድማው ላይ ያኖረው ግልጽ ትእዛዝ ከተቀበለ በኋላ፣ ያመነታ ስለ ነበረ ነው፤ እግዚአብሔር ድካሙን ታገሠው እንጂ ለእኛ ሥርዓት አላወጣበትም። «ዛሬ እገሌ ከደወለ እቀበላለሁ» ማለት ውሳኔውን ለቴሌ መስጠት ነው። ስእለትም ቢሆን ቦታ አለው፤ ሐና ተስላለች፣ የተሳለችውንም ከነሕይወቱ አምጥታ ሰጥታለች፤ ነገር ግን «ሥራውን ከሰጠኸኝ ይህን ያህል» እያሉ መጠኑን እየጨመሩ መሄድ ስእለትን የጨረታ ዋጋ ያደርገዋል፣ ተስሎ ከማይፈጽም አለመሳል እንደሚሻልም መጽሐፈ መክብብ ይመክራል። ከዚህ የባሰው ሥራ ሲጠፋ «ዓይነ ጥላ ነው»፣ «ሰው አሰረብህ» ወደሚል ጠንቋይ መሄድ ነው። ያ መንገድ የቀረውን ገንዘብ ይበላል፣ ከዚያም አልፎ ያለ ማስረጃ አንዲት ጎረቤትን ወይም አንዲት አክስትን ጠላት አድርጎ ያስቀራል፤ የዚህ ዓይነቱ ጠብ ሥራው ከተገኘ በኋላም ሲበርድ አላየሁም።

የቀጠሩት ቀን ሲደርስ ይወስኑ፤ ውሳኔውንም ከነቀኑ በደብተሩ ይጻፉ። ሙሉ እርግጠኝነት ባይኖርም ይወስኑ፤ ሐዋርያው ጳውሎስም ቢሆን አስቀድሞ መንገዱ ተነግሮት አልነበረም። በእስያ እንዳይሰብክ ተከለከለ፣ ወደ ቢታንያ ሊገባ ሞክሮ አልተፈቀደለትም፣ እየሄደ እያለ ነው በጢሮአዳ የመቄዶንያውን ሰው በራእይ ያየው። ጥሪውን ታዝዞ በገባባት በፊልጵስዩስም የጠበቀው ዱላና ግንድ ነው። ይህን አስቀድሞ ማወቅ ይጠቅማል፤ በአዲሱ ሥራ የመጀመሪያው ወር ሲከብዳቸው «የእግዚአብሔር ፈቃድ አልነበረም» ብለው ጥለው የሚወጡ ብዙዎች ናቸውና።

ያሰቡት ሳይሆን ሲቀር

በመጀመሪያው ሳምንት ምንም ትልቅ ነገር አይወስኑ። ኤልያስ በክትክታው ዛፍ ሥር ሞቱን በለመነ ጊዜ የተላከለት መልአክ አልገሠጸውም፤ እንዲበላ ነገረው፣ ደግሞ ተኛ፣ ደግሞም በላ፤ «ምን ታደርጋለህ?» የሚለው ጥያቄ የመጣው አርባ ቀን ተጕዞ ኮሬብ ከደረሰ በኋላ ነው። እርስዎም ይብሉ፣ ይተኙ፣ ለአንድ ሰው ይንገሩ። ይህን የምለው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ከጎንደር በመተማ በኩል ወደ ሱዳን የሚወስደውን የስደት መንገድ በሐዘናቸው ሳምንት የመረጡ ወጣቶች አውቃለሁ፤ ሱዳን ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ራሷ በጦርነት ውስጥ ናት። ከሐዘን የተነሣ ውሳኔ ቢያንስ አንድ ወር ይደር።

በዚያ ሳምንት መጽናኛ ጥቅስ ከመፈለግ ይልቅ መዝሙር 12ን (በሌላው አቈጣጠር 13 ነው) ይድገሙ። አጭር ናት፤ ዳዊት በመክፈቻዋ «እስከ መቼ» የሚለውን ቃል አራት ጊዜ ይደጋግመዋል። ሐዘኑን አለዝቦ አያቀርብም፣ ይቅርታም አይጠይቅበትም። በመዝሙር ያደገ ሕዝብ ሆነን ሳለ ስናዝን ለእግዚአብሔር የምንናገረው ለእንግዳ እንደምንናገረው «ደኅና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» እያልን መሆኑ ይገርመኛል። የተከፉበትን ነገር በስሙ ይጥሩት፦ ገንዘቡ ነው? ክብሩ ነው? አባትዎ ለሰፈሩ አስቀድሞ ማውራቱ ነው? የእኔ ሦስተኛው ነበር፣ ለመናገርም ዓመት ፈጀብኝ።

«ለበጎ ነው» የሚለውንም ቃል ለራስዎ አያጣድፉት፣ ለሌላው ሐዘንተኛም አያጣድፉበት። ዮሴፍ ሲሸጥ 17 ዓመቱ፣ በፈርዖን ፊት ሲቆም 30 ዓመቱ ነበር፤ ሰባቱ የጥጋብ ዓመታትና ሁለቱ የራብ ዓመታት ሲጨመሩ፣ ለወንድሞቹ «እግዚአብሔር በፊታችሁ ላከኝ» ያላቸው ከተሸጠ ከ22 ዓመት በኋላ መሆኑ ይታወቃል። ቃሉን የተናገረውም ራሱ ነው፤ በጕድጓዱ አፍ ቆሞ «ለበጎ ነው» ያለው ሰው አልነበረም። በመካከሉ በነበሩት ዓመታት ደግሞ መውጫ መንገድ መፈለጉን አልተወም፤ የጠጅ አሳላፊዎቹን አለቃ ለፈርዖን እንዲያነሣለት ለምኖታል፣ ሰውየውም ሁለት ዓመት ሙሉ ረስቶታል። እናቴን በዚህ አልወቅሳትም፤ በእጇ የነበራት ቃል ያ ብቻ ነበር፣ በማግሥቱም ሳልጠይቃት የታክሲ ገንዘብ ኪሴ ውስጥ አስቀምጣልኛለች።

የደረሰብዎት ነገር በደል ከሆነ ደግሞ በደሉን የእግዚአብሔር ፈቃድ ብለው አይሰይሙት። ጳውሎስ በፊልጵስዩስ ያለ ፍርድ ተገርፎ በስውር ሊለቁት ሲሉ ሮማዊነቱን ጠቅሶ ሹማምንቱ ራሳቸው መጥተው እንዲያወጡት አድርጓል፤ በቂሳርያም ወደ ቄሣር ይግባኝ ብሏል። የቅጥር ወይም የዕድገት ውድድር ላይ አድልዎ መኖሩን የሚያሳይ ማስረጃ ካለዎት ለመሥሪያ ቤቱ ቅሬታ ሰሚ በጽሑፍ ያቅርቡ፣ የገቢ ቀንና ቊጥር የተጻፈበትን ቅጂ ይያዙ። በግል ድርጅት ሲሠሩ ከሕግ ውጭ ተባርረው ከሆነ በተለይ ቀኑን ይቊጠሩ፦ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቊጥር 1156/2011 መሠረት ወደ ሥራ ለመመለስ የሚቀርብ ክስ ውሉ ከተቋረጠ በ3 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። «ለእግዚአብሔር ትቼዋለሁ» እያሉ 3 ወር ማሳለፍ የግራውን ገጽ ወደ ቀኙ መገልበጥ ነው። አቤት ብለው ሲያበቁ የሚመጣው ፍርድ ግን በቀኙ ገጽ ነው።

የማንም ጥፋት የሌለበትም አለ። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ በመጀመሪያ በኮሮና ወረርሽኝ፣ ከዚያ በጦርነቱና በክልሉ የጸጥታ ችግር ጎብኚ ሲቀንስ፣ በፋሲል ግቢና በስሜን ተራሮች ላይ እንጀራቸው የተመሠረተ አስጎብኚዎች፣ የሆቴል ሠራተኞችና ሹፌሮች በሥራቸው አንዳች ሳያጓድሉ ሥራ አጥተዋል። ለእነዚህ «ምን በድዬ ነው?» የሚለውን ጥያቄ መተው ይቀድማል፤ ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው ደቀ መዛሙርቱ ማን ኃጢአት እንደ ሠራ ሲጠይቁ ጌታችን እርሱም ወላጆቹም እንዳልሆኑ መልሷልና። የማውቀው አንድ አስጎብኚ በግራ ገጹ «ፈረንሳይኛ» ብሎ ጽፎ ልጆች ማስጠናት ጀምሯል፤ ቤተ መንግሥቱንም አሁንም በእሑድ ቀን ለተማሪዎቹ ያስጎበኛል፣ ያለ ክፍያ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሰጠውን የመውጫ ፈተና ለወደቀ ምሩቅ ግን ነገሩ ቀለል ይላል፤ ደግሞ መፈተን ይቻላል፣ የግራ ገጽ ነው፣ ይጠና።

ስለ ተመረጠው ሰው

ከሁሉ የሚከብደው ይህ ስለሆነ ወደ መጨረሻ አቆየሁት። በሐዋርያት ሥራ የመጀመሪያው ምዕራፍ ላይ አንድ ክፍት የሥራ ቦታ አለ፤ የይሁዳ ቦታ ነው። መስፈርቱም ተነግሯል፦ ከዮሐንስ ጥምቀት ጀምሮ ጌታ እስካረገበት ቀን ድረስ አብሮ የነበረ መሆን አለበት። መስፈርቱን ያሟሉ ሁለት ሰዎች ቀረቡ፣ ኢዮስጦስ የተባለው ዮሴፍና ማትያስ፤ ጸለዩ፣ ዕጣ ጣሉ፣ ለማትያስ ወጣ። ስለ ኢዮስጦስ ከዚያ በኋላ በመጽሐፍ ቅዱስ አንድም መስመር አልተጻፈም፤ ግን ጉድለት ተገኘበት አልተባለም፣ ጸሎቱም ስሕተት ነበር አልተባለም። እርሱ የመጀመሪያው ተጠባባቂ ነው እላለሁ፤ በማግሥቱ ከማትያስ ጋር አንድ ቤት ውስጥ ለጸሎት ቆሞ እንደ ሆነ ሳስብ፣ የቆመበትን ቦታ ማየት እወዳለሁ። እርስዎም ለተመረጠው ሰው በስሙ ይጸልዩለት፤ ከቻሉም ሄደው እንኳን ደስ ያለህ ይበሉት። ልብዎ እስኪለዝብ አይጠብቁ፤ የእኔ አልለዘበም ነበር።

በመካከል የሚገኝን ሥራም አይናቁ። ጳውሎስ በቆሮንቶስ ከአቂላና ከጵርስቅላ ጋር ድንኳን ይሰፋ ነበር። እኔ በማራኪ ግቢ አጠገብ ባለ ፎቶ ኮፒ ቤት ተቀጥሬ የሌሎችን የሥራ ማመልከቻ በኮምፒውተር እጽፍ ነበር። አንድ ቀን አንዲት ልጅ እኔም ላመለክትበት ለተዘጋጀሁበት መደብ ማመልከቻ ልታስጽፍ መጣች፤ የመደቡን መታወቂያ ቊጥር በእጅ ጽሑፏ ላይ አሳስታው ነበር። አየሁት፤ እንዳለ ጻፍሁት፤ ገንዘቡን ተቀብዬ ሰጠኋት። ከሄደች በኋላ የግራ ገጼ ትዝ አለኝ። አርሜ ሌላ ቅጂ አወጣሁና ሮጬ ባጃጅ ስትጠብቅ ደረስሁባት፣ ስሕተቱንም አሳይቼ አዲሱን ወረቀት ሰጠኋት። ወረቀቱን አየችው፣ እኔንም አየችኝ፣ ቦርሳዋንም ከፍታ፦

«ስንት ልጨምር?» አለችኝ።